የወሩ የመጨረሻ ሰኞ

በዚያ ቅዳሜ የቀየርኩት አንድ ቃል ነው። «ሰኞ» የተባለውን «ሐሙስ» ብዬ ተረጎምኩ። ለመናገር አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም፤ ያስከተለውን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ታሪኩን እንድናገር የፈቀዱልኝ ሴት አሁን በሕይወት የሉም። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። አገራቸውንም አልጠራም፤ ዘመዶቻቸው ገና እዚያው ናቸው።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከጋሞ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን የኖረ ሰው ነው። እኔን ግን ዩኒቨርሲቲ ድረስ አስተማረኝ፤ ፈረንሳይኛ አጠናሁ። «ምን ልትሠሪበት ነው?» ያላለኝ ዘመድ የለም። በመጨረሻ ጳውሎስ አካባቢ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ የትርጉም ቢሮ ተቀጠርኩ። የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ለሕክምና ውጭ የሚሄድ ሰው የሐኪም ማስረጃ እተረጉማለሁ። ስሳሳት አለቃዬ ያርመኛል፣ ወረቀቱ እንደገና ይታተማል፣ በቃ። ቃል ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ አላውቅም ነበር።

ማዳም ቤያትሪስን ያገኘኋቸው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ነው። ሸጎሌ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ስደተኛ ነበሩ። በአገራቸው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። መጋቢያችን ፈረንሳይኛ እንደምችል ሲያውቁ እጄን ይዘው ወስደው ከማዳም ቤያትሪስ አጠገብ አስቀመጡኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስብከቱን በጆሯቸው አንሾካሹክላቸው ጀመር። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከጎኔ አልተለዩም። ድንኳን ውስጥ ማንም የማይገባው ቋንቋ እየተናገሩ ጀርባዬን ሲያሻሹ ትዝ ይለኛል።

የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል እጃቸውን ያነሳሉ። ርዕሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዣንና ፋብሪስ።» ሁለቱን ስም በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጠሩት። ጉባኤው ከመልመዱ የተነሳ የአንድ ሰው ስም የሚመስላቸው ሁሉ ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው። ሁለቱንም የመንግሥት ታጣቂዎች ወስደዋቸው ደብዛቸው ጠፍቷል። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን ሳሙኤል የሚባል ጠበቃ አዲስ አበባ መጣ። ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ዕድሜው ከኔ ብዙም አይበልጥም። ሥራው የእነ ማዳም ቤያትሪስን ዓይነት ሰዎች ቃል ተቀብሎ በሩቅ አገር ላለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ማቅረብ ነው። እንግሊዝኛ እንጂ ፈረንሳይኛ አይችልም። አብሮት ሊመጣ የነበረው አስተርጓሚ ቪዛው ዘገየበትና መጋቢያችን እኔን ጠቆሙት። ማዳም ቤያትሪስም «አስቴር ከሆነች እናገራለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀድሜ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። የተሰጠን ቦታ የሕፃናት የእሑድ ትምህርት ክፍል ነበር፤ ዝቅ ያሉ አግዳሚዎች፣ ግድግዳው ላይ በከለር የተሳሉ በጎችና መርከቦች። ክረምት ነው፤ ቆርቆሮውን ዝናብ ይመታዋል። ሳሙኤል ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ማዳም ቤያትሪስ ሳይመጡ ነገሩን አስረዳኝ።

«የእሳቸው አገር የዚህ ፍርድ ቤት ስምምነት ፈራሚ ነበረች» አለኝ። «ፍርድ ቤቱ ስለ ግድያውና ስለጠፉት ሰዎች መጠየቅ ሲጀምር፣ መንግሥቱ ከስምምነቱ ወጥቻለሁ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ግን አንድ አገር ደብዳቤ በጻፈ ቀን ወጣ አይባልም። መውጣቱ የሚጸናው ዓመት ቆይቶ ነው። ዓመቱ ያለቀው በአንድ ወር የመጨረሻው ሐሙስ ነው፤ ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው። ከዓርብ ጀምሮ አገሪቱ አባል አይደለችም።»

«ታዲያ አመለጡ ማለት ነው?»

«አይደለም። እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ለተፈጸመው ሁሉ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለው። ዛሬም፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ሊጠይቃቸው ይችላል። ከሐሙስ በፊት ተጀምሮ ከዚያ በኋላ የቀጠለውንም። ከዓርብ ወዲህ ለተጀመረው ግን...» እጁን ዘረጋ፤ ባዶ መዳፉን አሳየኝ።

ቀጥሎ ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀኝ። «ይህን አሁን ለእሳቸው እንዳትነግሪ። ቀኑን አውቀው ከተናገሩ ምስክርነቱ ይበላሻል። አንቺ የሚሉትን ብቻ ንገሪኝ። ከዚያ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

እሺ አልኩ። በታማኝነት እተረጉማለሁ ብዬ ወረቀት ፈረምኩ።

ማዳም ቤያትሪስ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ለቁመታቸው የማይመጥን የሕፃን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስለ ዣን ጀመሩ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ የመኪና መካኒክ። ሰልፍ ላይ ታይቷል ተብሎ፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል በሩን ሰብረው ገብተው ከአልጋው ወሰዱት። ሳሙኤል የነገረኝ የዚያው ወር መጀመሪያ ነበር። የአንዱን ታጣቂ ስም ያውቁታል፤ ፊደል ያስቆጠሩት ልጅ ነው። ሳሙኤል ይጽፋል፤ እኔ እተረጉማለሁ። ዣን ከሐሙስ በፊት ነው። ልቤ ቀለል አለው።

«ሁለተኛው ልጅዎስ?» አለ ሳሙኤል።

«ፋብሪስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር» አሉ። «ወንድሙ በከተማው ዳርቻ አንድ ካምፕ ውስጥ ታስሯል ሲባል ሰማን። ምግብ ላድርስለት አለኝ። እኔ ልሂድ አልኩት፤ አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ያውቁሻል፣ እኔን ማን ያውቀኛል አለኝ። የተቀቀለ ባቄላ በሰሃን አሰርኩለት፤ የዣንን ሸሚዝ አጥፌ ሰጠሁት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። በካምፑ በር ሲያስገቡት ያየች ሴት አለች። ሲወጣ ያየው ግን የለም።»

«መቼ ነበር?»

ማዳም ቤያትሪስ ሳያመነቱ መለሱ። «የወሩ የመጨረሻ ሰኞ።»

ሳሙኤል ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ እኔን ይጠብቃል። በዚያ ወር የመጨረሻው ሰኞ የሚውለው ከመጨረሻው ሐሙስ በኋላ ነው፤ ከዓርብ ሦስት ቀን አልፏል ማለት ነው። በሦስት ቀን ብቻ ፋብሪስ ከሕጉ ውጭ ቀረ። በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ የኖሩት ሁለት ስም ሊለያይ ነው፤ የምለያቸውም እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ። ከዚያ የሆነውን አስቤ አደረግኩት ማለት አልችልም። አላሰብኩም ብዬም ራሴን ነጻ አላወጣም።

«የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ» አልኩ።

ሳሙኤል ቀና አለ። በረጅሙ ተነፈሰ። «ሐሙስ? ሐሙስ ስለመሆኑ እርግጠኛ ናቸው?»

ወደ ማዳም ቤያትሪስ ዞርኩ። «እርግጠኛ ነዎት ወይ ይላል።»

«ልጄ፣ ይህን ቀን እንዴት ልስተው እችላለሁ?»

«እርግጠኛ ናቸው» አልኩት።

የመጀመሪያውን ምናልባት አፌ ቀደመኝ ልል እችል ነበር። ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው የዋሸሁት።

ዝናቡ ሲያባራ ለምሳ ወጣን። ወደ ጳውሎስ ወረድ ብሎ ካለ ካፌ ገባን። ማዳም ቤያትሪስ ፓስታ በስጎ አዘዙ፤ ሳህኑን ባዶ አደረጉት። እንደዚያ ሲበሉ አይቼ አላውቅም። «ዛሬ ሁለቱም ተሰሙልኝ» አሉኝ፤ እጄን ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ስንት ዓመት ሰው ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ መሰለሽ? ዣንም ፋብሪስም ተጻፉ። እግዚአብሔር ይባርክሽ።»

አሜን ማለት አቃተኝ።

እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ሳሙኤል ወደኔ ጠጋ አለ። ደስ ብሎታል፤ እንደ ሥራ ባልደረባ ያጫውተኝ ጀመር። «ከሰዓት ሁሉንም መስመር በመስመር ታነቢላቸዋለሽ፣ ከዚያ ይፈርማሉ። ቀኖቹ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። የተከሳሽ ጠበቆች መጀመሪያ የሚይዙት ቀን ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ከተናገረችው ሁሉ አንድ ቀን ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ ዳኞቹ ሙሉ ቃሏን ጣሉት። እውነት የሆነውንም ጭምር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እንግዲህ ፋብሪስን ላስገባ ብዬ ዣንንም ላስወጣው ነው። ካምፑ በር ላይ ያየች ሴት አለች፤ እሷ ሰኞ ብትልስ? ከካፌው እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ማዳም ቤያትሪስ ክንዴን ይዘው ስለ ጎርፉ፣ ስለ ጫማቸው ያወራሉ፤ እኔ እግዚአብሔርን የምለምነው ላፕቶፑ እንዲበላሽ ነበር።

አልተበላሸም። ተቀመጥን። ሳሙኤል ያተመውን ወረቀት ሰጠኝ። ከእንግሊዝኛው እያየሁ በፈረንሳይኛ እላለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ትክክል ሲሆን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የዣን ገጾች አለቁ። የፋብሪስ መጣ። ባቄላው፣ ሸሚዙ። ቀጣዩ መስመር ላይ ሐሙስ የሚለው ቃል ይታየኛል። «ሰኞ» ብዬ ባነበው ማንም አያውቅም። እሳቸው ያልተናገሩት ነገር ላይ ይፈርማሉ፤ አበቃ።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው?» አለ ሳሙኤል።

ወደ ማዳም ቤያትሪስ ዞሬ በፈረንሳይኛ ነገርኳቸው፤ ስለ ስምምነቱ፣ ስለ ዓርቡ፣ ስለ ሐሙሱ። ጠዋት ምን እንዳልኩ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፤ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ቦርሳ እያየሁ ነው የተናገርኩት። በመጨረሻ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ይህንንም ጨመርኩ፦ «እሱ የምንነጋገረውን አይሰማም። ሐሙስ ነው ካሉ እንዳለ ይቀራል። ፋብሪስ ከወንድሙ ጋር ይገባል። ሰኞ ካሉ ይወጣል። ግን ሐሙስ መሆኑ ሐሰት ነው ተብሎ ከታወቀ ዣንም ሊወድቅ ይችላል።»

ውጭ ልጆች ኩሬ ውስጥ እየዘለሉ ይጯጯሃሉ።

«ሐሙስ ካልኩ ይገባል?»

«አዎ።»

እስክሪብቶውን አነሱ። በእጃቸው አገላበጡት። ከዚያ አስቀመጡት።

«ሐሙስ ዕለት ፋብሪስ ከኔ ጋር ነበር» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር፤ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረግኩ ዋልኩ። ዓርብ ትኩሳቱ ለቀቀው። የወንድሙን ሸሚዝ ያጠበው ዓርብ ነው፤ እኔ ልጠብ ብለው እምቢ አለኝ። ቅዳሜ፣ ያኔ ዣንን ሲወስዱ የሰበሩትን በር ሲጠግን ዋለ። በደንብ አልሠራውም፤ አይገጥምም ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ማታ ሾርባው ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬ፣ ቀምሶ ፊቱን ሲያጣምም ሳቅን። ዣን ከተወሰደ ወዲህ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው።»

ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። «ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። አራት ቀን። ሐሙስ ወሰዱት ካልኩ እነዚህን አራት ቀናትም ሰጠኋቸው ማለት ነው። ልጄን ወስደዋል። እነዚህን ግን አልሰጥም።»

ከዚያ ራሳቸው ወደ ሳሙኤል ዞረው፣ ከሚያውቋቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዷን ተናገሩ። «መንደይ» አሉት። ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን አድርገው ደገሙት። «መንደይ።»

ሳሙኤል ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየኝ። መናገር ሳያስፈልገኝ ገባው። እኔ ግን ተናገርኩ፤ አንዱንም ሳልደብቅ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ላፕቶፑን ዘግቶ ሁለት እጁን ላዩ ላይ አደረገ። ድንገት ያረጀ መሰለኝ።

«ለደግ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል» አለኝ። «ከእንግዲህ ግን ልትተረጉሚላቸው አትችይም። ቃላቸውንም ከመጀመሪያው፣ በሌላ ሰው በኩል እንደገና መውሰድ አለብኝ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ። እንደምለው አድርገሽ።»

«እሺ።»

«ፍርድ ቤቱ ስለ ዣን መጠየቅ ይችላል። ስለ ፋብሪስ አይችልም። ወንድሙን ፍለጋ ሄዶ ስለሆነ ለዳኞቹ እናመለክታለን፤ ተስፋ ግን አልሰጥዎትም።»

ተረጎምኩት። ቃል በቃል። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ዓረፍተ ነገር የለም።

ማዳም ቤያትሪስ ሰሙ። ቦርሳቸውን ከፍተው መሐረብ ፈለጉ፤ አላገኙም። «መንግሥት ከስምምነቱ ወጣ ትሉኛላችሁ» አሉ። «እኔ ከምንም አልወጣሁም። ልጄም ከምንም አልወጣም። ወንድሙን ሊያይ ነው የወጣው። የወጡት እነሱ ሆነው ሳለ በር የተዘጋው ፋብሪስ ላይ ነው?»

ይህንንም ተረጎምኩለት። ሳሙኤል የራሱን መሐረብ አውጥቶ ሰጣቸው።

ሸጎሌ ድረስ በታክሲ ሸኘኋቸው። ያ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ ላይ ከብት ሞልቶ ሚኒባሱ ቆሞ ቀረ። ማዳም ቤያትሪስ በመስኮቱ በሬዎቹን ያያሉ። በራቸው ላይ ስንደርስ ቁልፉን እያዞሩ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ብታዝኚልኝ ነው፤ አውቃለሁ» አሉኝ። «ሁለተኛ ግን በእኔ አፍ የራስሽን አትናገሪ።» ገብተው ዘጉ።

ሌላ አስተርጓሚ ተገኝቶ ቃላቸውን እንደገና ሰጡ። ከዚያ ቅዳሜ በማግስቱ እሑድ፣ በቀጣዩም እሑድ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ስብከቱን ሳንሾካሹክላቸው ወደፊት እያዩ ይሰሙኝ ነበር፤ ከስብከቱ ውጭ ግን አላናገሩኝም። በአራተኛው ሳምንት አንዲት ብርቱካን ከቦርሳቸው አውጥተው ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ይቅርታው ያ ነበር ብዬ ወሰድኩት፤ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። የዣን ጉዳይ ከተጎጂዎች መዝገብ ገብቷል። ስለ ፋብሪስ የሚለው አንድ አንቀጽ ነው፦ ድርጊቱ የተፈጸመው አገሪቱ ከስምምነቱ ከወጣች በኋላ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ «አንቺ አንብቢልኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሳነብ አንድም ቃል አላለዘብኩም። ሲያልቅ ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ «ታዲያ ውሸቱ ባይገለጥ ኖሮ አይሻልም ነበር?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ሕጉን አሁንም አልታረቅኩትም። አንድ መንግሥት ፊርማውን ሲያነሳ፣ ከዚያ በኋላ የተወሰደች አንዲት ነፍስ የማንም ጥያቄ ሳትሆን መቅረቷን ማንም ቢያስረዳኝ አይዋጥልኝም። እኔ ያደረግኩትም ግን ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ፋብሪስ የኖራቸውን ቀናት በደግነት ስም ልሰርዝ ነበር። ያዘነ ሰው የሚነግረን ነገር የኛ አይደለም። ልናሳምረው ስንነካው ከምን ላይ እንደምንቀንስ አናውቅም። እኔ ይህን ያወቅኩት እሳቸው አራት ጣታቸውን ሲያጥፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ቢሮዬ መጥቶ «ይቺን ቀን ትንሽ ብታስተካክይልኝ» የሚለኝን ሰው በትሕትና እመልሰዋለሁ፤ አንዳንዱ ተሳድቦ ይሄዳል።

ማዳም ቤያትሪስ ባለፈው ዓመት አረፉ። ኩላሊታቸው ነበር። ከማረፋቸው በፊት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው፣ «ታሪኩን ተናገሪ፤ እንደነበረው» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዣን ጉዳይ ማንም አልተያዘም፤ ዛሬም አልተያዘም። መዝገቡ ግን ክፍት ነው።

ለቀብራቸው የሕይወት ታሪካቸውን በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ የሚጽፍ አልነበረም። መጋቢያችን ዣንጥላ ተይዞላቸው ለሃያ ያህል ሰው አነበቡት። የት እንደተወለዱ፣ ስንት ዓመት እንዳስተማሩ፣ እንዴት እንደተሰደዱ። «የመጀመሪያ ልጃቸው ዣን፣ ጉዳዩ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ፍትሕ በመጠበቅ ላይ ነው» ብለው አነበቡ። ቀጥለው «ሁለተኛ ልጃቸው ፋብሪስ» አሉና ቆሙ። የቀረውን ፈልገው ወረቀቱን ገለበጡ፤ ከዚያ ዓይናቸውን አንስተው እኔን አዩኝ። ስሙን ጽፌ፣ ከሥሩ ምን እንደምጽፍ አጥቼ፣ ባዶውን የተውኩት እኔ ነበርኩ። መጋቢያችን ወረቀቱን አጥፈው፣ ስሙን ደግመው ጠርተው፣ «እንጸልይ» አሉ።